የመዝናኛ ኮሚቴው ጀልባ

ነገሩ ከመጀመሩ በፊት የነበረው ሁኔታ ይህ ነው። ከግድቡ ሁለት በሮች አንደኛው ዝግ፣ ሁለተኛው በከፊል ክፍት ነበር። ከግድቡ ግርጌ በተተከለው የልኬት ሰሌዳ ላይ የወንዙ ጥልቀት አንድ ሜትር ከዐሥራ ሁለት ሳንቲ ሜትር ነበር። የመሥሪያ ቤታችን ሠራተኞች በሙሉ ደረቅ ነበሩ።

የመጨረሻውን ለቀልድ አላልኩም። እኛ ጋ የሚሠራ ሰው ውኃውን ይለካዋል፣ ይዘጋዋል፣ ይለቀዋል፣ በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት ይጽፍበታል፤ አይነካውም። እግሩን ወንዙ ውስጥ ነክሮ የሚያውቅ ሰው እንዳለ አንድ ቀን በሻይ ሰዓት ጠይቄ ነበር። የዕቅድ ባለሙያው ስልኩ ወድቆበት እስከ ቁርጭምጭሚቱ መግባቱን ነገረኝ። ስልኩን አላገኘውም፤ ጫማው ግን ደርቋል።

እኔ የምሠራው በልኬት ክፍል ነው። ክፍሉ አንድ መስኮት፣ ሁለት ጠረጴዛ፣ ግድግዳውን ሙሉ የያዘ የወንዙ ጥልቀት ግራፍ እና እኔን ይዟል። ሁለተኛው ጠረጴዛ ሰው ይቀጠርበታል ተብሎ የገባ ሲሆን እስካሁን የተቀጠረበት የአበባ ማሰሮ ነው።

ታናሽ እህቴ እንደኛ ደረቅ አይደለችም። ቤተሰቡ ፌንጣ ይላታል፤ በሕፃንነቷም አንድ ቦታ ተቀምጣ አታውቅም ነበር። ከግድቡ በታች ወንዙ ገደል ለገደል፣ ድንጋይ ለድንጋይ እየተላተመ ይወርዳል፤ እዚያ ላይ እንግዳ በጎማ ጀልባ የሚያወርዱ ሰዎች አሉ። እነሱ ዘንድ ሦስት ዓመት ሠርታለች። መጀመሪያ ጀልባ አጠበች፣ ቀጥሎ ነፋች፣ በኋላ ከመሪው አጠገብ ተቀምጣ ቀዘፈች። የቀራት የራሷ የመሪነት ፈቃድ ብቻ ነበር። ለዚያ ደግሞ ስድስት ተሳፋሪ ጭና፣ በዓመት አንዴ ከሩቅ በሚመጣ ፈታኝ ፊት ወንዙን መውረድ አለባት። ተሳፋሪዎቹ ቀዘፋ የማያውቁ ሰዎች መሆን አለባቸው ይላል ደንቡ። እንዲህ ያለ ሰው ከተፈለገ ከእኛ መሥሪያ ቤት የተሻለ ማግኛ አላውቅም።

ዘንድሮ ፈተናው ከፈተና በላይ ሆኖባታል። ጋሼ የምንለው ታላቅ ወንድማችን የሴራሚክ መደብር አለው። ፌንጣ የምትኖረው እሱ ቤት ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ምንም ሳይል እርጥብ ልብሷን በረንዳው ላይ ስታሰጣ አየና ዘንድሮ አንድ ማታ እራት ላይ ቁርጡን ተናገረ፤ ፈቃዱን በዚህ ወቅት ካላገኘች ጀልባው ይቀራል፣ እሱ መደብር ገብታ ሒሳብ ትይዛለች፣ በቃ። ፌንጣም እሺ አለች፤ አንዴ እሺ ካለች ደግሞ የማታጥፍ ልጅ ናት። ጋሼ በበኩሉ ጥንቁቅ ሰው ነው፤ ውጤቱን ሳይጠብቅ ወንበር ገዝቶ ከገንዘብ መቀበያው ኋላ አስቀመጠላት። ለምን ቸኮልክ ብለው፣ "ጎማ ትወድ የለ፤ ይኸው ባለ ጎማ ነው" አለኝ።

ስለዚህ ወደ ኃላፊያችን ቢሮ ሄድኩ።

ኃላፊያችን በዚያ ሰሞን "የሠራተኛው የቡድን መንፈስ ይጠናከር" የሚል ደብዳቤ ከበላይ ደርሷቸው፣ መንፈስ በምን እንደሚጠናከር ጠፍቷቸው ጠረጴዛቸው ላይ እያገላበጡት ነበር። ሐሳቤን ጠዋት ስነግራቸው ወደዱት። ከምሳ በኋላ ሐሳቡ የእሳቸው ሆነ። በማግስቱ የመዝናኛ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሰብሳቢው ኃላፊው፣ ጸሐፊው የዕቅድ ባለሙያው፣ አባላቱ የደኅንነት ባለሙያው፣ ኤሌክትሪሺያኑ፣ የመዝገብ ቤት ኃላፊዋና እኔ። ልክ ስድስት ሰው። ፌንጣ ስትሰማ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ኮሚቴ ምን እንደሆነ አታውቅም፤ ጀልባ ላይ ነው ያደገችው።

የመጀመሪያው ስብሰባ ያለቀው ለጉዞው ስም በማውጣት ነው። ሁለተኛው በኮፍያ ቀለም። ኃላፊው ሰማያዊ እንዲሆን ፈለጉ፤ ውኃን ይገልጻል አሉ። የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ ሰማያዊ ኮፍያ ያደረገ ሰው ውኃ ውስጥ ቢወድቅ በምን ይታያል ስትል ጠየቀች። የደኅንነት ባለሙያው ማንም አይወድቅም፣ ጽፌዋለሁ አለ። እሷም ብትጽፈውም ባትጽፈውም ብላ ጀመረች፤ ስብሰባው ለሻይ ተበተነ። ኮፍያው ሰማያዊ ሆነ። ለኃላፊው ብቻ ነጭ ታዘዘ፤ እሳቸው ከወደቁ እንዲታዩ ማለት ነው።

የደኅንነት ባለሙያው ጽፌዋለሁ ያለው እውነቱን ነበር። "በውኃ ላይ ሊደርሱ የሚችሉ አደጋዎች" የሚል ወፍራም ሰነድ አዘጋጅቶ ለሁላችን አደለ። መብረቅ ነበረበት፣ እባብ ነበረበት፣ የኮፍያ ማሰሪያ አንገት ላይ ተጠምጥሞ የሚያስከትለው ጉዳት ራሱን የቻለ ክፍል ተሰጥቶታል። ከክልከላዎቹ አንዱ "ከአስፈላጊው በላይ መርጠብ" ይላል። ስንት እርጥበት አስፈላጊ እንደሆነ አልተገለጸም። ኤሌክትሪሺያኑ፣ አንድ እጁን ኪሱ ከትቶ ከፍተኛ የኤሌክትሪክ መስመር የሚቀጥል ሰው፣ ሰነዱን ቤቱ ወስዶ አነበበና በነጋታው ከኮሚቴው ለቀቀ። ልጆች አሉኝ አለ።

ስድስተኛ ሰው ጠፋ። ማንን ብጠይቅ ሰነዱን አንብቦታል። በመጨረሻ የሰማው ጋሼ ነው፤ እራት ላይ ሳንጠይቀው፣ "እኔ እሄዳለሁ" አለ። ፌንጣ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"አንተ?"

"እኔ። ሲያበቃ በዓይኔ ልየው። ኋላ በኮሚቴ ነው የቀረሁት እንዳትይኝ።"

ፌንጣ አንዴ ወደ እኔ አየችና እራቷን ጨረሰች። ወንዝ የማያውቅ ተሳፋሪ ይሁን ነው ደንቡ፤ ቂም የሌለው ይሁን አይልም።

ቀጥሎ የመለማመጃው ቀን መጣ። ፌንጣ የስብሰባ አዳራሻችን ውስጥ ስድስት ወንበር በሁለት ረድፍ ደርድራ፣ እሷ ከኋላ ጠረጴዛ ላይ ወጣች። መቅዘፊያ ስላልነበረን ከጽዳት ክፍል መጥረጊያ ተውሰን ምንጣፉን ቀዘፍን። ለትእዛዝ የምትጠቀመው ቃል አጭር ነው፤ "ግራ፣ ቅዘፍ"፣ "ቀኝ፣ ወደ ኋላ"፣ "አቁም"። ኃላፊው ግራ ፊት ተቀምጠዋል፤ ፎቶ የሚነሳው ከዚያ ወገን ነው። ገና የመጀመሪያውን "ግራ፣ ቅዘፍ" ስትል የዕቅድ ባለሙያው መጥረጊያውን አስቀመጠ። ኃላፊውን አንተ ማለት ለቡድን መንፈስ አይበጅም፣ ለእሳቸው የሚሰጠው ትእዛዝ በአክብሮት ይሁን ሲል ሐሳብ አቀረበ። ኃላፊው ለእኔ ብላችሁ አትጨነቁ አሉና ሐሳቡ ተደግፎ እስኪያልፍ ጠበቁ።

ፌንጣ ሞከረች። "ክቡር ኃላፊ፣ እባክዎ በግራ በኩል ወደ ኋላ ይቅዘፉ" ብላ አንድ ትንፋሽ ወሰደችና፣ ይህን ብዬ ሳልጨርስ ከድንጋዩ ጋር ተዋውቀዋል አለች። ረጅም ክርክር ተደረገ። ኃላፊውን መሐል ብናስቀምጣቸው ትእዛዝ አያስፈልጋቸውም ተባለ፤ መሐል ከሆኑ ደግሞ ፎቶው ላይ አይወጡም። የተወሰነው ይህ ነው፤ ትእዛዙ በደፈናው "ቅዘፉ" ተብሎ ለሁሉም ይሰጣል፣ ኃላፊው የሚመለከታቸውን ራሳቸው ይረዳሉ። ፌንጣ ከጠረጴዛው ወርዳ መጥረጊያዎቹን ሰበሰበች። ስሸኛት፣ "እቴቴ፣ እነዚህ ሰዎች ያንን ሁሉ ውኃ እንዴት ነው የሚያዙት?" ብላ ጠየቀችኝ። በደብዳቤ ነው አልኳት።

ትልቁ ጉዳይ ግን ቀኑ ነበር። እኛ ጋ የሚሠራው በፈረቃ ነው፤ አንዱ ሲያርፍ ሌላው ከበሩ መቆጣጠሪያ ፊት ይቀመጣል። ሁላችንም የምንገኝበትን ቀን ለማግኘት የዕቅድ ባለሙያው የዓመቱን የፈረቃ ሰሌዳ ግድግዳ ላይ ለጥፎ፣ በአምስት ቀለም እስክሪብቶ ስሎ፣ ኃላፊውን በቀይ፣ እኔን በቢጫ እያደረገ ሲያሰላ ሰነበተ። አንድ ጠዋት ሮጦ መጣ። አግኝቷል። በዓመቱ ውስጥ ሁሉም ቀለም ነጻ የሚሆንበት አንድ ቀን ብቻ አለ፤ ዝግ ቀን። ፈታኙ የሚመጣበትም ሳምንት ላይ ይውላል።

ዝግ ቀንን መሥሪያ ቤታችን ውስጥ የማያውቅ የለም። በዓመት አንዴ ነው። ሰው ጥርሱን የሚያስነቅለው፣ ቤቱን ቀለም የሚቀባው፣ አማቱን የሚጠይቀው ያን ቀን ነው። የዕቅድ ባለሙያው ተጨበጨበለት። የተዘጋው ምን እንደሆነ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ፌንጣ ብቻዬን አግኝታኝ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። "እቴቴ፣ ያን ቀን ውኃ ይኖራል?"

ሙያዬን ነው የጠየቀችኝ። ደስ እያለኝ የዐሥር ዓመቱን ሠንጠረዥ አውጥቼ የዚያን ሳምንት አማካይ አሳየኋት፤ አንድ ሜትር ከዐሥር። ጣቷን ቁጥሩ ላይ አድርጋ ትንሽ አሰበች። በዚህ ልክ ከሆነ ወፍጮው እንኳ ይሸፈናል አለች። ወፍጮው የምትለው ከታችኛው ድልድይ በላይ ያለውን፣ ወንዙ በድንጋዮች መካከል እየተፈተገ የሚወርድበትን ክፉ ቦታ ነው። ሳመችኝና ሄደች።

በተቀጠረው ቀን አውቶቡሱ ከወንዙ በላይ ካለው ሜዳ ላይ አወረደን። ኃላፊው እዚያው ሜዳ ላይ ንግግር አደረጉ። ውኃና ሰው ተነጣጥለው አያውቁም አሉ፤ እኛና ውኃው አንድ ነን አሉ። ነጭ ኮፍያቸውን አስተካክለው ቁልቁለቱን መሩን፤ የዕቅድ ባለሙያውና የደኅንነት ባለሙያው የጉዞው ስም የተጻፈበትን ባነር ግራና ቀኝ ይዘው ተከተሉ። ጋሼ ለተሳፋሪ ከታደሉት የመንሳፈፊያ ጃኬቶች ትልቁን ለብሶ፣ ትልቁም ጠቦት፣ ከእኔ ጎን ይወርዳል። ቁጥቋጦውን አልፈን ወንዙ ዳር ደረስን።

ወንዝ አልነበረም።

ጀልባዋ ተነፍታ፣ ስድስት መቅዘፊያ በረድፍ ተጋድሞ፣ ፌንጣ የጀልባዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ነበር። ከፊቷ ድንጋይ ነው፤ ነጭ፣ ክብ፣ ታጥቦ የተሰጣ የሚመስል ድንጋይ እስከ ወዲያኛው ዳር። በየጉድጓዱ በቀረው ውኃ ውስጥ ትናንሽ ዓሣዎች ልክ እንደ ኮሚቴያችን አንድ ቦታ ላይ ይዞራሉ። ባነሩ በአንድ ወገን ዝቅ አለ።

"የት ሄደ?" አለ የዕቅድ ባለሙያው።

ያን ጊዜ ነው ክው ያልኩት። ቀኑ ዝግ ቀን የተባለው በሩ ስለሚዘጋ ነው። በዓመት አንዴ ሁለቱም በሮች ይዘጉና ብየዳ ሠራተኞች የውኃ መውረጃው ውስጥ ገብተው ይመረምራሉ፣ ይጠግናሉ። በሩ ከተዘጋ የሚቆጣጠረው የለም፤ የሚቆጣጠረው ከሌለ ሁላችንም ነጻ ነን። ሁላችንም ነጻ የምንሆንበትን ቀን ፈልገን፣ ወንዙን ራሳችን የምንዘጋበትን ቀን አገኘን። ይህን ስህተት ለመሥራት ሙሉ የግድብ መሥሪያ ቤት ያስፈልጋል፤ ሌላ ሰው ቢሞክረው አይሳካለትም።

የእኔ ድርሻ ደግሞ ይበልጥ የተጣራ ነበር። አማካይ ስሠራ ዝግ ቀንን እዘለዋለሁ። "ልማዳዊ ያልሆነ ንባብ" ይባላል፤ ሳምንቱን ያበላሻል፣ ግራፉን ይቆርጣል፣ እንዲወጣም መመሪያ አለ። ስለዚህ ለእህቴ የሰጠኋት ቁጥር ስለ ሳምንቱ ሁሉንም ያውቃል፤ የማያውቀው ያችን ቀን ብቻ ነው።

ፌንጣ አልጮኸችም። "እቴቴ፣ አንድ ሜትር ከዐሥር ነበር ያልሺኝ" አለች።

"አማካዩ ነው።"

"እሺ። በአማካዩ ላይ እንቀዝፋለና።"

የዕቅድ ባለሙያው ሰሌዳው ላይ ስህተት እንደሌለ ለማስረዳት ሞከረ። ስህተት አልነበረበትም፤ ያ ነበር ችግሩ።

ኃላፊው ስልካቸውን አወጡ። በሩን ማን ዘጋው አሉ፤ በፊርማቸው የተዘጋ መሆኑን የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ ቁጥሩንና ቀኑን ጠቅሳ አስታወሰቻቸው። እንግዲያው በፊርማዬ ይከፈት አሉ። ውኃ መውረጃው ውስጥ ብየዳ ሠራተኞች አሉ አልኳቸው። ስንት ናቸው ብለው ጠየቁኝ። አራት አልኩ። ለአንድ አፍታ ያሰሉ መሰለኝ፤ ከዚያ ስልኩን ኪሳቸው መለሱት። ሰዎቹን አስወጥቶ፣ መሣሪያውን አንስቶ፣ ውኃውን እዚህ ለማድረስ ምሽት ይሆናል፤ ፈታኙ ደግሞ እኩለ ቀን ላይ ይሄዳል። የደኅንነት ባለሙያው ሰነዱን ገለጠ። በውኃ ላይ ከሚደርሱ አደጋዎች መካከል የውኃ አለመኖር አልተጠቀሰም።

ፈታኙ በዚህ መካከል ቁልቁለቱን ወርዶ ደረሰ። ቀጭን፣ አንገቱ ላይ ፊሽካ፣ ትከሻው ላይ የተጠቀለለ ገመድ ያለው ሰው ነው። ድንጋዩን አየ፣ ባነሩን አነበበ፣ ምንም አልገረመውም። ውኃ ከሌለ ፈተና የለም፣ ለሚቀጥለው ዓመት ተመዝገቢ አላት።

ጋሼ ወደ ፌንጣ ጠጋ ብሎ ትከሻዋን መታ መታ አደረገ። "አይዞሽ እንግዲህ" አለ። "ቢያንስ መደብሩ ውስጥ ወለሉ የት እንዳለ ይታወቃል።" ሊያጽናናት ነበር የፈለገው፤ ፊቱ ግን አልታዘዘለትም፣ ደስ ብሎታል። ፌንጣ አላየችውም። የጃኬቷን ማሰሪያ መፍታት ጀመረች።

ያን ማሰሪያ ስትፈታ ማየት አልቻልኩም። ከዚህ በታች ገባር ወንዝ አለ አልኩ። ገባሩ በር የለውም፤ ለመገደብ በየዓመቱ ይታቀዳል፣ በየዓመቱም በጀት የለም ይባላል፤ ስለዚህ ይፈስሳል። ከመገናኛው በታች በዚህ ወቅት ወደ አርባ ሳንቲ ሜትር ይኖራል። ጀልባዋ ሰባት ሰው ጭና የምትሰምጠው ከአንድ ስንዝር አይበልጥም።

"ይሄም አማካይ ነው?" አለች ፌንጣ።

"አይደለም። የገባሩን የብቻውን ልክ ትናንት ራሴ ነኝ ያነበብኩት።"

ፈታኙ መገናኛው ላይ የልኬት ሰሌዳ አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አለ። እንግዲያው እዚያ ሊፈትናት ይችላል፤ ግን ፈቃድ የሚጻፈው በታየው ውኃ ልክ ነው አለ። በአርባ ያየሁትን ሰው ለመቶ አልፈርምለትም ሲል ጨመረ። ፌንጣ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኋላ ከፍ ይላል? በሌላ መሪ ሥር እየሠሩ በየወቅቱ ያሳድጉታል አላት፤ የሌለ ፈቃድ ግን አያድግም። የፈታችውን ማሰሪያ መልሳ ጠበቅ አደረገችው።

"ጀልባውን አንሱ" አለች።

የጎማ ጀልባ ውኃ ላይ ላባ ነው፤ ሰው ትከሻ ላይ በሬ ይሆናል። በደረቅ የወንዝ ወለል ላይ፣ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ፣ ሦስት በግራ ሦስት በቀኝ ሆነን ተሸከምናት። ባነሩ ቁጥቋጦ ላይ ቀረ፤ ማንም አልተመለሰለትም። ፌንጣ ከፊት እየሄደች ታዛለች። "ግራ ፊት፣ ዝቅ አድርግ" ስትል ግራ ፊት ያሉት ኃላፊ ዝቅ አደረጉ። ኮሚቴው በዚያ ሁሉ ክርክር ያልፈታውን የአክብሮት ጉዳይ ጀልባዋ በክብደቷ ፈታችው። የሚገርመው ጋሼ ነበር። ዕድሜውን የሴራሚክ ካርቶን ሲያነሳ የኖረ ሰው ስለሆነ የኃላፊውን አያያዝ አይቶ ማለፍ አልቻለም። "በጉልበትህ ጌታዬ፣ በወገብህ አታንሳ" አላቸው። ኃላፊውም አመሰገኑት። ለመጀመሪያ ጊዜ የቡድን መንፈስ የሚባለውን ነገር አየሁ፤ ላብ ላብ ይሸታል።

መገናኛው ላይ ውኃ ነበር። የልብ የሚያደርስ አልነበረም፤ ግን ይፈስሳል፣ ይቀዘቅዛል፣ እርጥብ ነው። ፈታኙ ሰሌዳው ዘንድ ተንበርክኮ አነበበ፤ አርባ አንድ። ተሳፈርን። ፌንጣ ጋሼን ከኋላ በግራ በኩል፣ ከራሷ አጠገብ አስቀመጠችው። ኮሚቴው ቀዘፈ። እውነቱን ለመናገር ምንጣፉ ላይ የተሻልን ነበርን። የዕቅድ ባለሙያው መቅዘፊያውን ገና ሲጀምር ለወንዙ አስረከበ፤ ከስልኩ ቀጥሎ ሁለተኛው መሆኑ ነው። ቢሆንም ወረድን፤ ፌንጣ በአንድ መቅዘፊያ ሁላችንንም ታርማለች። ፈታኙ በዳር መንገድ ጎን ለጎናችን ይሄዳል።

ከዚያ ወፍጮው መጣ። በአንድ ሜትር ውኃ ሲሸፈን አይቼዋለሁ፤ ጩኸት ብቻ ነው። በአርባ አንድ ሳንቲ ሜትር ግን ድንጋዮቹ ሁሉ ወጥተው ይጠብቁናል። ሁለቱን አለፍን። ሦስተኛው፣ ጠፍጣፋው፣ ጀልባዋን ከግራ በኩል ከሥር ያዛትና ቁጭ አደረጋት። ከላይ የሚመጣው ውኃ ጀርባችን ላይ መከመር ጀመረ፤ ጠርዟን አልፎ ከገባ እንገለበጣለን። ፈታኙ ዳር ቆሞ ገመዱን ከትከሻው አወረደ። ገመድ ከተወረወረ ፈተናው እዚያ ላይ ያበቃል፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን።

"ሁላችሁም ወደ ቀኝ" አለች ፌንጣ። ሁላችንም ወደ ቀኝ ሄድን። ኃላፊው በሆዳቸው ተሳቡ። የደኅንነት ባለሙያው ሰነዱ ከሚፈቅደው በላይ ረጥቦ እኔ ላይ ወደቀ። ጀልባዋ አልነቃነቅ አለች። ጋሼ ከቦታው አልተነሳም። በሁለት እጁ የጠርዙን ገመድ ጨብጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ልክ ድንጋዩ በያዘን ቦታ ላይ ተተክሏል። ከሁላችንም ከባዱ እሱ ነው።

"ጋሼ፣ ወዲህ ና።"

"አልነሳም። ሰውዬው ገመዱን ይወርውርልን።"

"ከወረወረው አበቃ።"

"ይብቃ! ምን ይሆናል ቢበቃ?"

ፌንጣ መቅዘፊያዋን ጭኗ ላይ አስተኛች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገችው፤ ከውኃው ጩኸት በታች ስለነበር የሰማነው ቅርብ ያለነው ብቻ ነን።

"ገመዱ ከመጣ ሰኞ መደብር እገባለሁ። ቃሌ ቃል ነው፣ ዕድሜ ልኬን እሠራለሁ። ግን አንተ ፈርተህ መሆኑን ሁለታችንም እያወቅን ነው የምንኖረው።"

ጋሼ አንድ ዓይኑን ከፈተ። ገመዱን አየ፣ ውኃውን አየ።

"ዋና አልችልም" አለ።

ይህን ማንም አልጠየቀውም ነበር። ወፍራሙ ሰነድ ስለ መብረቅ ያስባል፤ ዋና ይችላሉ ወይ የሚል ጥያቄ የለበትም።

"አውቃለሁ" አለች ፌንጣ። "ለሱ ነው ከጎኔ ያስቀመጥኩህ። እጅህን ስጠኝ።"

ሰጣት። መጀመሪያ አንዱን፣ በጣም ዘግይቶ ሁለተኛውን። በጉልበቱ እየተንፏቀቀ በእህቱ ጭን ላይ አልፎ ወደ ቀኝ ተዘረጋ። ጀልባዋ ከሥሯ አንድ ረጅም ድምፅ አወጣች፣ ተነሳች፣ ዞረች፣ የቀረውን ወፍጮ በጀርባዋ ወረደችው። በጀርባ መውረድ የሚከለክል ደንብ እንደሌለ ፈታኙ በኋላ አረጋግጦልናል። ጋሼ እስከ ድልድዩ ድረስ የፌንጣን ጃኬት በጡጫው እንደጨበጠ ነበር።

ድልድዩ ሥር ፈታኙ ደረሰብን። እንደ በግ አንድ በአንድ ቆጠረን፤ የተሳፈሩ ስድስት፣ የደረሱ ስድስት። የኃላፊው ነጭ ኮፍያ አልደረሰም፤ ግን እንደ ተሳፋሪ አልተመዘገበም ነበር። ፈቃዱን እዚያው ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ጻፈ። ጋሼ፣ ውኃ እየተንጠባጠበበት፣ ከፌንጣ እጅ ተቀብሎ ሁለት ጊዜ አነበበው። የጥልቀቱ መጠን የተጻፈበት ላይ ሲደርስ ቅንድቡ ከፍ አለ፤ የምላሱ ጫፍ ላይ አንድ ነገር እንደመጣ አየሁ፤ ዋጠው። "ፈቃድ ፈቃድ ነው" ብሎ መለሰላት። ፌንጣ ሰኞ ከአሮጌው መሪዋ ሥር ሥራ ጀመረች። ኃላፊያችን ለበላይ በላኩት ሪፖርት የቡድን መንፈሱ መጠናከሩን ገልጸው፣ ጉዞው ዓመታዊ እንዲሆን፣ ቀኑም እንዳይለወጥ ሐሳብ አቅርበዋል።

የእህቴ ፈቃድ የጸናው እስከ አርባ አንድ ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ድረስ ነው። የመገናኛውን ሰሌዳ የዐሥር ዓመት ንባብ፣ በዚህ ጊዜ ምንም ቀን ሳልዘል፣ እንደገና አየሁት፤ ውኃው አርባ አንድ ወይም ከዚያ በታች ሆኖ የተመዘገበው ዐሥር ቀን ነው፤ በየዓመቱ አንድ።